ባለጠጋው ለምን አያርፍም?

በየቡና ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ወጣቶች ተሰብስበው ሲጫወቱ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ «ይህን ያህል ሀብት ያለው ሰው ስለ ምን እስከ ዛሬ ድረስ ይለፋል? እኔ ብሆን ኖሮ ዐሥር ሚሊዮን ብር እንዳገኘሁ በሬን ዘግቼ እተኛ ነበር»። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አይደለም። ሰው የሚሠራው ለምን እንደ ሆነ፣ ሀብትስ ለምን እንደሚፈለግ፣ በመጨረሻም ሰው ለራሱ «ይበቃኛል» የሚለው መቼ እንደ ሆነ የሚመረምር ብርቱ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በዛሬው እሑድ፣ አንባቢያን ጥቂት ዕረፍት ባገኙበት ሰዓት፣ ስለማያርፉት ሰዎች ብናስብ የሚከፋ አይመስለኝም።

ነገሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመርካቶ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ሱቃቸውን የሚከፍቱ ሽማግሌ ነጋዴዎች ሞልተዋል። ፎቅ አላቸው፤ የጭነት መኪና አላቸው፤ ልጆቻቸውን ባሕር ማዶ ልከው አስተምረዋል። ሆኖም በየማለዳው የቁልፉን ዘለላ ይዘው ከሱቁ ፊት የሚቆሙት ራሳቸው ናቸው። አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ «አባባ፣ ስለ ምን አያርፉም?» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ተኝቼ ምን ልሆን?» ከማለት የበለጠ መልስ የሚያገኝ አይመስለኝም። የዚህችን አጭር መልስ ፍች መርምሮ ማግኘት የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ነው።

ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚሰጠው ምክንያት ስስት ነው። «ሀብታም አይጠግብም» ይባላል። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት የለም ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ስስት ብቻውን ነገሩን ሁሉ የሚገልጽ ቢሆን ኖሮ፣ ባለጠጋው ሀብቱን ሲሰጥና ሲበትን ባላየነውም ነበር። የዚህን ጉዳይ ውስብስብነት በግልጽ የሚያሳየን የአንድ ሰው ታሪክ አለ፤ እሱም የብረቱ ከበርቴ የሚስተር አንድሩ ካርኔጊ ታሪክ ነው።

ሚስተር ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1835 በስኮትላንድ አገር ከአንድ ድኻ ሸማኔ ተወለዱ። በ1848 ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደው፣ በአንድ የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም እየተከፈላቸው ሥራ ጀመሩ። ከዚያም የቴሌግራም መልእክት አድራሽ፣ ቀጥሎም የባቡር ኩባንያ ሠራተኛ እየሆኑ ወደ ላይ ወጡ። በታኅሣሥ 1868፣ ዕድሜያቸው ገና 33 ዓመት ሳለ፣ በኒውዮርክ ሆቴል ተቀምጠው ሒሳባቸውን አሰቡ። በዓመት 50,000 ዶላር ገቢ እንዳላቸው ተረዱ። በዚያን ጊዜ ይህ ገንዘብ አንድን ቤተሰብ በምቾት አኑሮ የሚተርፍ ነበር። ያን ጊዜ ብዕራቸውን አንሥተው ለራሳቸው ማስታወሻ ጻፉ። የማስታወሻውም ፍሬ ነገር፣ ከዚህ በላይ ሀብት ማከማቸት ጣዖት ማምለክ ስለ ሆነና ጠባይን ስለሚያበላሽ፣ በ35 ዓመታቸው ንግዱን ትተው ወደ ኦክስፎርድ ሄደው ትምህርታቸውን ለማሟላት መቍረጣቸውን የሚገልጽ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሚስተር ካርኔጊ በ35 ዓመታቸው ዐረፉን? አላረፉም። ንግዱን የለቀቁት በ1901፣ በ65 ዓመታቸው፣ የብረት ፋብሪካቸውን ለባንክ ባለቤቱ ለጄ. ፒ. ሞርጋን ወገን በ480 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጡ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ እተወዋለሁ ያሉትን ሥራ ለመተው ከ30 ዓመት በላይ ፈጀባቸው። ከተዉትም በኋላ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እስከ ሞቱበት እስከ 1919 ድረስ 350 ሚሊዮን ዶላር ያህል በመስጠት ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት በልዩ ልዩ አገር አሠሩ፤ በሄግ ከተማ በ1913 የተከፈተውም የሰላም ቤተ መንግሥት በእሳቸው ገንዘብ የተሠራ ነው። ሀብታም ሆኖ የሚሞት ሰው ተዋርዶ ይሞታል የሚለው ትምህርታቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ይህ ሰው ስስታም ብቻ ነበር ብንል ታሪኩ አይገጥምልንም። ለጋስ ብቻ ነበር ብንልም አይገጥምም፤ በ1892 በሆምስቴድ በነበረው ፋብሪካቸው በደመወዝ ምክንያት በተነሣው ጠብ ቢያንስ 10 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋልና። እንግዲህ ሰውን ከ«በቃኝ» በኋላ 30 ዓመት የሚያሠራው ነገር ከስስትም ከልግስናም የተለየ ሌላ ነገር መሆን አለበት። ያን ነገር አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያው ምክንያት፣ የባለጠጋ ሥራና የሌላው ሰው ሥራ በስም አንድ ይሁን እንጂ በጠባይ አንድ አለመሆኑ ነው። የቀን ሠራተኛው ድንጋይ ሲሸከም ውሎ ማታ ዋጋውን ይቀበላል፤ ድካሙ የእሱ፣ ድንጋዩ ግን የሌላ ሰው ነው። ባለጠጋው ግን የሚያዘው እንጂ የሚታዘዘው የለም። የሚጠላውን የሥራ ክፍል ለሌላ ሰጥቶ የሚወደውን ለራሱ ያስቀራል። ሲደክመው ያርፋል፤ ማንም «የት ነበርህ?» አይለውም። ከሥራውም ክብር፣ ወሬና ወዳጅ ያገኛል። እንዲህ ያለውን ሥራ «ልፋት» ብሎ መጥራት የሚያስቸግር ነው፤ ከጨዋታ ጋር ይቀራረባልና። ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠር በዛልኝ ብሎ ከጨዋታው አይነሣም። ጠጠሩ የሚቈጠርበት እንጂ የሚበላ አይደለም። ለብዙ ባለጠጎችም ገንዘብ ከተወሰነ ልክ ካለፈ በኋላ እንደ ገበጣው ጠጠር ይሆናል።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑን አሜሪካዊው ሚስተር ዋረን በፌት ናቸው። በ1930 የተወለዱት እኚህ ሰው በርክሻየር ሃታዌይ የተባለውን ድርጅት በ1965 በእጃቸው አስገብተው 60 ዓመት ያህል መርተውታል። ከዓለም ታላላቅ ባለጠጎች አንዱ ሆነው ሳለ የኖሩት ግን በ1958 በ31,500 ዶላር በገዙት ቤት ነው። ከ2006 ጀምሮም አብዛኛውን ሀብታቸውን ለበጎ አድራጎት እንደሚሰጡ ቃል ገብተው መስጠት ጀምረዋል። እንግዲህ ገንዘቡን ለኑሮ ካልፈለጉት፣ ለልጆቻቸውም ሁሉን ካላወረሱት፣ እስከ 95 ዓመታቸው ድረስ ቢሯቸው የሚወስዳቸው ምንድን ነው? መልሱ ሥራውን መውደዳቸው ነው። የዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን ቦታ በ2025 መጨረሻ ሲለቁ እንኳ የቦርዱን ሊቀ መንበርነት እንደ ያዙ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ስም ነው። በአገራችን አንድ እንግዳ ሰው ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ «ምን ትሠራለህ?» ይባላል። ሰው ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ግማሽ ስሙን ያጣ ይመስለዋል። ሥራ ላይ ሳለ ስልኩ ይጮኻል፤ ደጁ ይጠናል፤ በሠርግም በለቅሶም የፊት ወንበር ይለቀቅለታል። ሥራውን በለቀቀ በወሩ ስልኩ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ ከሞት አስቀድሞ እንደ መጣ ሞት የሚፈሩት ብዙዎች ናቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ሲባል የቈየው ስለ ሆድ ብቻ አይመስለኝም፤ ስለ ክብርም ጭምር ነው።

በዚህ ረገድ ከአገራችን ልጆች የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታሪክ ይጠቀሳል። በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 ደግሞ በሲድኒ በተደረጉት የኦሊምፒክ ውድድሮች በ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝተዋል። በ2008 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጠው የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብረዋል። ከዚያ በኋላ በኅዳር 2010 በኒውዮርክ ማራቶን ጕልበታቸውን አሟቸው ሲያቋርጡ ሩጫ መተዋቸውን በይፋ ተናገሩ። ያን ጊዜ ስምም ሀብትም ነበራቸው፤ ነግደው የሚኖሩበት ድርጅትም ነበራቸው። ነገር ግን ጥቂት ቀናት እንደ አለፉ ቃላቸውን መልሰው ወደ ልምምዱ ገቡ። ከውድድር ዓለም የወጡት በ2015 ነው። በፍጹም ሕይወቱን በሩጫ የቈጠረ ሰው በአንድ ቀን «ሯጭ ነበርኩ» ለማለት ምላሱ እንዴት እሺ ይለዋል?

ከዚህም አልፎ፣ በሰኔ ወር መጨረሻ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት በሻሸመኔና በባቱ የነበሩት ሆቴሎቻቸው ተቃጥለውባቸዋል። ለማረፍ ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ ምክንያት አይገኝም ነበር። እሳቸው ግን በሌሎች ከተሞች ሆቴል መክፈታቸውን አልተዉም። እንዲህ ባለው ሰው ዘንድ ሥራ ማለት ገንዘብ የሚመጣበት መንገድ ብቻ ሳይሆን፣ የራስን ማንነት የሚያጸኑበት ነገር መሆኑ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት በተለይ የእኛን አገር ባለጠጋ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም ሀብቱን አስቀምጦ የሚተኛበት ቦታ ማጣቱ ነው። በአሜሪካ አገር ዊልያም ቤንገን የተባሉ የገንዘብ አማካሪ በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ ጡረታ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ካለው ጥሪት 4 በመቶ ያህሉን ቢያወጣ፣ በየዓመቱም የዋጋውን ጭማሪ ያህል እየጨመረ ቢወስድ፣ ገንዘቡ 30 ዓመት ሊያቆየው እንደሚችል አሳዩ። ከዚህ የተነሣ «የዓመት ወጪህን 25 እጥፍ ካጠራቀምህ ማረፍ ትችላለህ» የሚል ትምህርት በወጣቶች መካከል ተስፋፋ። የእኛም ወጣቶች ይህን ሲደግሙ እንሰማለን።

ነገር ግን ይህ ሒሳብ የተሠራው አክሲዮንና የመንግሥት ቦንድ እንደ ልብ በሚሸጥበትና በሚገዛበት አገር ነው። በእኛ አገር ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ30 በመቶ በላይ ጨምሮ ነበር። እስቲ በቀላል ቍጥር እናስበው። በዚያ ዓመት 10 ሚሊዮን ብሩን ባንክ አስገብቶ የተኛ ባለጠጋ በዓመቱ 700,000 ብር ወለድ ያገኛል፤ ጠቅላላ 10 ሚሊዮን ከ700,000 ብር ይሆንለታል። ነገር ግን አምና በ10 ሚሊዮን ይገዛ የነበረውን ዕቃ ለመግዛት አሁን 13 ሚሊዮን ያስፈልገዋል። እንግዲህ ከወለዱ ምንም ሳይበላ እንኳ ተኝቶ ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ አጥቷል ማለት ነው። አክሲዮን ገዝቼ ልረፍ እንዳይል፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው ገና በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በሸቀጥ፣ በቤት፣ በመኪና መልክ ሲዘዋወር ብቻ የሚኖር፣ ሲቆም ግን የሚቀልጥ ሆነ። ሱቁን የሚከፍቱት አባባ ምናልባት ይህን በሠንጠረዥ አላሰሉትም ይሆናል፤ ግን አሳምረው ያውቁታል።

ከዚህ ሌላ የታሪክ ትዝታም አለ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ዕድሜ ልኩን ነግዶ፣ ቤት ሠርቶ፣ አሁንማ በኪራይ ልኑር ብሎ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን የዕረፍት ዳቦው ተወሰደበት። ያን ዘመን ያየ አባት ለልጁ ያስተማረው ትምህርት «በያዝከው ነገር አትተማመን፤ በምትሠራው ተማመን» የሚል ነው። ይህን ፍርሃት በስስት ስም ብንጠራው ፍርዳችን የተጣመመ ይሆናል።

አራተኛው ምክንያት የዘመድ ነገር ነው። በእኛ አገር ባለጠጋ ብቻውን ባለጠጋ አይደለም። ከገጠር የመጣ የእኅት ልጅ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቅ የወንድም ልጅ፣ መድኃኒት የሚገዛላቸው አክስት፣ 20 ዓመት አብሮት የኖረ ዘበኛ፣ ማኅበሩ፣ እድሩ፣ ሁሉም በእሱ ሱቅ በር በኩል ይተነፍሳሉ። ሱቁን ቢዘጋ የሚዘጋው የራሱን መሶብ ብቻ አይደለም። በተለይ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቍጥር 715 ከመውጣቱ በፊት፣ ማለት እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ፣ በግል ሱቅና በግል ድርጅት ያረጀ ብዙ ሠራተኛ ጡረታው የአሠሪው ደግነት ብቻ ነበር። «በቃኝ» ለማለት የሚፈልግ ባለጠጋ እነዚህን ሁሉ ዐይኖች ተመልክቶ ነው አፉን የሚዘጋው።

አምስተኛውና የመጨረሻው ምክንያት ጎረቤት ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ በ1930 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሰው ልጅ ሀብት በእጅጉ ስለሚጨምር በሳምንት 15 ሰዓት መሥራት ይበቃል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ሀብቱ በብዙ አገር እንዳሉት ጨመረ፤ የሥራው ሰዓት ግን እንዳሉት አላጠረም። ኬይንስ ራሳቸው እንደ ጠቆሙት፣ የሰው ፍላጎት ሁለት ዓይነት ነው። ረኃብና ብርድ ልክ አላቸው፤ ይጠግባሉ፣ ይሞቃሉ። ከሌላው በልጦ መታየት ግን ልክ የለውም። ባለ ሁለት ፎቁ ጎረቤቱ አራት ፎቅ የሠራ እንደ ሆነ፣ ትናንት የበቃው ቤት ዛሬ ያንስበታል። ከዘረዘርናቸው ምክንያቶች ሁሉ ነቀፋ የሚገባው ይህኛው ነው፤ ዕረፍትንም የሥራን ደስታም በአንድነት የሚበላ ነውና።

እንግዲህ ባለጠጋው ለምን እንደማያርፍ ካየን፣ ቢያርፍስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለን እንጠይቅ። በቀድሞው ዘመን በአገራችን የታወቀው የባለጠጋና የመኰንን ዕረፍት ምናኔ ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ካሌብ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው በአክሱም አጠገብ መነኑ ተብሎ ይተረካል። ከእሳቸው በኋላም አያሌ ባለርስትና ወይዛዝርት በስተርጅና ቆብ ደፍተው ገዳም ገብተዋል። ነገር ግን ገዳም የገባ ሰው ሥራ ፈት አልሆነም። ሌሊት ለጸሎት ይነሣል፤ ቀን ውኃ ይቀዳል፣ እርሻ ያርሳል። ሥራውን ለወጠ እንጂ አልፈታም። ሥራ መፍታት ምን እንደሚያመጣ አባቶቻችን በአንድ ምሳሌ ጨርሰውታል፤ «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል»።

በውጭ አገርም የሚታየው ይኸው ነው። በአሜሪካ «ቶሎ ዕረፍ» የሚለውን ትምህርት ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ጆ ዶሚንጌዝ ነበሩ። በገንዘብ ገበያው ሠፈር በዎል ስትሪት ሠርተው በ1969፣ በ31 ዓመታቸው፣ ሥራቸውን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ሞቱበት እስከ 1997 ድረስ ሲያስተምሩና ሲጽፉ ኖሩ፤ በ1992 ከቪኪ ሮቢን ጋር ያሳተሙት መጽሐፍ በብዙ አገር ተነቧል። ሚስተር ቢል ጌትስም በ2008 የማይክሮሶፍትን የዕለት ሥራ ትተው ወደ በጎ አድራጎት ድርጅታቸው ዞሩ፤ በ2025 ደግሞ ሀብታቸውን ሁሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ሰጥተው ድርጅቱን በ2045 እንደሚዘጉ አስታወቁ። ከእነዚህ ሰዎች የምንማረው፣ ዐረፉ የተባሉትም እንኳ የለወጡት የሥራውን ዓይነት መሆኑን ነው።

ታዲያ ባለጠጋው መሥራቱ መልካም ከሆነ ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀን? አላለቀም። ከሥራ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ወንበር ነው። ሥራ ሌላ፣ ወንበር ሌላ ነው። ሰው እስከ 90 ዓመቱ ቢሠራ ምስጋና ይገባዋል። እስከ 90 ዓመቱ ፊርማውን ለማንም ሳያካፍል ቢቀመጥ ግን ለድርጅቱም ለልጆቹም አደጋ ነው። የ45 ዓመት ሰው የሆነ ልጅ፣ በትምህርቱና በልምዱ የተመሰከረለት፣ ለአንድ ካርቶን ወረቀት መግዣ የአባቱን ፊርማ ሲጠብቅ የሚውልበት ቤት እናውቃለን። አባትየው ድንገት ሲያልፉ፣ ውሉን የሚያውቅ የለም፤ ዕዳውን የሚያውቅ የለም፤ ልጆች ፍርድ ቤት ይቆማሉ፤ የ40 ዓመት ድካም በ4 ዓመት ክርክር ይበተናል።

በዚህ በኩል የመንግሥት ሠራተኛው ከባለጠጋው የሚሻልበት አንድ ነገር አለው። ለእሱ ሕግ ቀን ቈርጦለታል። በጀርመን አገር በቢስማርክ ዘመን በ1889 የወጣው የጡረታ ሕግ ዕድሜውን 70 አድርጎት ነበር፤ በ1916 ወደ 65 ወረደ። በእኛ አገር ለመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ ሲሆን፣ ዛሬ የጡረታው ዕድሜ በመደበኛው 60 ዓመት ነው። ቀኑ ሲደርስ ወደደም ጠላም ወንበሩን ለተተኪው ያስረክባል። ባለጠጋውን ግን «በቃህ» የሚለው ሕግ የለም፤ አለቃም የለም። ስለዚህ በቃኝ ማለትን ከራሱ መማር አለበት። ይህም ከትምህርት ሁሉ የከበደ ትምህርት ነው።

ሚስተር በፌት በዚህ ረገድ ምሳሌ ይሆናሉ። ተተኪያቸው ሚስተር ግሬግ ኤብል መሆናቸው በ2021 በይፋ ታውቆ፣ ወንበሩ የተላለፈው ከአራት ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በእነዚያ ዓመታት ተተኪው ባለቤቱ እያለ ሥራውን ያዘ፤ ሠራተኛውም ለመደው። ሽማግሌው ከቤታቸው አልተባረሩም፤ ወጣቱም በለቅሶ ድንኳን ውስጥ አልተሾመም። የእኛስ ነጋዴዎች እንዲህ ያለውን የርክክብ ጊዜ ስለ ምን አይሰጡም? ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ወጣቶች ብዙ ጊዜ «ልምድ የላችሁም» እንባላለን። እውነት ነው፤ ልምድ የለንም። ነገር ግን ልምዱ ያለው በእነዚያ ሽማግሌዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ዕቃ የሚገዛበትን ወቅት፣ የሚታመነውን ደንበኛ፣ የሚሸሸውን ውል ያወቁት 40 ዓመት ከስረውና አትርፈው ነው። ይህን ዕውቀት ሳያካፍሉ ይዘውት ወደ መቃብር ቢወርዱ፣ ከወርቅና ከፎቅ የሚበልጠው ሀብታቸው ሳይወረስ ይቀራል።

ስለዚህ ለባለጠጎቹ አባቶችና እናቶች በአክብሮት የምናቀርበው ልመና «ዕረፉልን» የሚል አይደለም። ሥሩ፤ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ነገር ግን ከሰባቱ ቀን አንዱን ቀን ለማስተማር አድርጉት። ፊርማውን ከሚታመን ልጅ ወይም ከሚታመን ሠራተኛ ጋር ተካፈሉ። ኑዛዜያችሁን በጤናችሁ ጊዜ ጻፉ። በአዛዥነት የጀመራችሁትን በመካሪነት ጨርሱት። ልጅ አባቱ ቆሞ እያየው ቢሳሳት ይታረማል፤ አባቱ ከሞተ በኋላ ቢሳሳት ግን ይወድቃል።

ለእኛ ለወጣቶችም የሚገባን ተግሣጽ አለ። ዐሥር ሚሊዮን አግኝተን የምንተኛበትን ቀን ስንመኝ፣ የምንመኘው ዕረፍትን ሳይሆን ከማንወደው ሥራ መገላገልን ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ዐሥር ሚሊዮኑ አይደለም፤ የምንወደውን ሥራ ገና በድኽነታችን ጊዜ መፈለግ ነው። ባለጠጋ ብሆንም እሠራው ነበር የምንለውን ሥራ ያገኘን ዕለት፣ የባለጠጋው ትልቁ ዕድል ግማሹ ደርሶናል። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላልና፣ ሥራውን ሳንይዝ የባለሥራውን ደስታ ልንቀምስ አንችልም።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንዳይረሳ ያስፈልጋል። ስለ ባለጠጋው አለማረፍ ስንደነቅ፣ ማረፍ የሚፈልጉና የማይችሉ ሰዎች ከፊታችን ያልፋሉ። ከእንጦጦ ጫካ የማገዶ ሸክም በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱት እናቶች «ስለ ምን አያርፉም?» ተብሎ አይጻፍባቸውም፤ ምክንያቱ የታወቀ ነውና። በካርኔጊ ፋብሪካ ባለቤቱ በየበጋው ስኮትላንድ ሄደው ሲዝናኑ፣ ሠራተኛው በቀን 12 ሰዓት ከእሳት ፊት ይቆም ነበር። እንግዲህ ማረፍ የሚችለው ማረፍ ካልፈለገ፣ የማረፍ ዕድሉን ማረፍ ላልቻለው ቢያካፍል ምን ይጎዳዋል? ለሠራተኛው የጡረታ መዋጮውን በጊዜው ቢከፍል፣ የዓመት ፈቃዱን ባይከለክለው፣ ያረጀውን ዘበኛ ባዶ እጁን ባያሰናብተው፣ ያ ባለጠጋ እስከ መቶ ዓመቱ ሱቁን ቢከፍት የሚቃወመው ሰው አይኖርም። የማያርፍ ባለጠጋ ሌላውን የሚያሳርፍ ከሆነ፣ ድካሙ ስስት ነው ተብሎ አይነቀፍም፤ በረከት ነው ተብሎ ይመሰገናል።